ከግምጃ ቤት ወደ ባንክ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሕይወት ከሀብት አጠባበቅ አንጻር

በአራዳ ጊዮርጊስ አደባባይ በፈረስ ላይ ሆነው የሚታዩትን የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክን ሐውልት የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ የለም። ይህ ጸሐፊ የምህንድስና ተማሪ በነበረበት ጊዜ የቅየሳ ልምምዱን ያደረገው በዚሁ አደባባይ ነበር። ሐውልቱን እንደ መነሻ ነጥብ ይዘን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱና ወደ ፒያሳ የሚወርደውን መንገድ ማእዘን እየለካን ስንጽፍ ውለናል። ርቀቱንና ከፍታውን በሚገባ አውቀነው ተመለስን፤ በዚያ መሬት ላይ ምን እንደ ተሠራበት ግን የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። የአገሪቱ የመጀመሪያ ባንክ ሕንፃውን ያሠራው በዚሁ በአራዳ አካባቢ መሆኑን ያወቅሁት ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ ቁጠባና ስለ ሀብት አጠባበቅ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ የባንክ ባለሙያ ስላልሆንሁ የወለድ ስሌት ከመጻፍ ይልቅ የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ መተረክ የተሻለ መስሎ ታየኝ። ስለ ዐፄ ምኒልክ ጦረኛነትና አገር አቅኝነት ብዙ ተጽፏል፤ ሀብት እንዴት እንደሚጠበቅ ለመማር ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙ ሰው መሆናቸው ግን ብዙ ጊዜ አይወሳም። ከዚህ በታች የሚቀርበው ትረካም በዚሁ ጉዳይ ላይ የተወሰነ ነው።

የመቅደላ ትምህርት

ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያ ስማቸው ሣህለ ማርያም ሲሆን የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ናቸው። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ በዘመቱ ጊዜ አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በሕመም ሞቱ፤ ብላቴናውም ተማርከው ወደ ሰሜን ተወሰዱ። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል በዐፄ ቴዎድሮስ ቤት አደጉ። ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ልጃቸውንም ዳሩላቸው። ይህም ቢሆን ምኒልክ እስረኛ መሆናቸውን አልዘነጉም። በሰኔ ወር 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡና የአባታቸውን ዙፋን ያዙ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከየአገሩ ሰብስበው በአምባው ላይ ያከማቹት መጽሐፍ፣ ንዋየ ቅድሳትና ዕቃ ሁሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ተበትኖ ባሕር ተሻገረ። በዚያ አምባ ላይ ያደጉት የሸዋው ንጉሥ ይህን ወሬ ሲሰሙ ምን እንዳሰቡ በጽሑፍ አልተዉልንም። ነገር ግን የኋላ ሥራቸውን ለሚመለከት ሰው አንድ ነገር ይታየዋል፤ ይኸውም ሀብትን በአንድ ቦታ አከማችቶ በሩን በወታደር ማስጠበቅ ብቻውን ሀብትን መጠበቅ አለመሆኑን የተረዱ መምሰላቸው ነው።

ንግድና ጎተራ

በሸዋ ንጉሥነታቸው ዘመን ዋና ሐሳባቸው የንግድ መንገድ ነበር። የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድና ቡና ከደቡብና ከምዕራብ ተነሥቶ በሸዋ በኩል ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። በጥር 1879 ዓ.ም. ሐረርን በያዙ ጊዜ የዚህ መንገድ በር በእጃቸው ገባ። አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1871 ዓ.ም.፣ አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ ወደ ሸዋ መጥቶ ነበር። ይህ በዙሪክ የተማረ ባለሙያ በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፤ ቆይቶም ለቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ አስገባ፤ ከዚህም አልፎ የንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥት አማካሪ እስከ መሆን ደረሰ። አንድ መሐንዲስ በአገራችን መንግሥት ውስጥ ይህን ያህል ተሰሚነት ያገኘበት ጊዜ ጥቂት ስለ ሆነ ለአባሎቻችን ማስታወሱ አይከፋም።

በዚያን ዘመን የመንግሥት ሀብት የሚቀመጠው በግምጃ ቤት ነበር። ኃላፊው በጅሮንድ ይባላል። ግብር በአብዛኛው በዓይነት ይገባ ስለ ነበር ግምጃ ቤቱ ወርቅና ብር ብቻ ሳይሆን የዝሆን ጥርስ፣ ጨርቅ፣ መሣሪያ፣ ማርና ሰም ይይዝ ነበር፤ እህሉም በጎተራ ይከተታል። ሕዝቡ በበኩሉ ጥሪቱን የሚያኖረው በከብቱና በእህሉ ነበር፤ ብር ያገኘም እንደሆነ በእንስራ አድርጎ ከመሬት በታች ይቀብረዋል። በገበያ የሚዘዋወረው ገንዘብ አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ የተባለው ጠገራ ብር ነበር።

ከዚህ በኋላ ክፉ ቀን መጣ። ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ አራት ዓመት ያህል የቀንድ ከብት በሽታ አገሩን አዳረሰ፤ ከብቱ በአብዛኛው አለቀ። የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ረኀብ ሆነ፤ ከዚያም ሌላ በሽታ ተከተለ። ምኒልክ ጎተራቸውን ከፈቱ፤ መኳንንቱ በእጅ መቆፈርን እንዳይንቁ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው ጥሪት በአንድ ክረምት ከበረቱ ሲጠፋ ያየው ያኔ ነው። በከብት የተቀመጠ ሀብት በመልካም ዘመን ይረባል፤ በክፉ ዘመን ግን ከባለቤቱ ቀድሞ ይሞታል። ቁጠባን በልዩ ልዩ ዓይነት ማኖር ይገባል የሚለውን የዛሬ ዘመን ምክር አባቶቻችን የተማሩት በዚህ መራራ መንገድ ነበር።

ብድርና ገንዘብ

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲቀቡ አገሪቱ በዚህ መከራ ውስጥ ነበረች። በዚያው ወራት ከውጫሌ ውል ጋር የተያያዘ አንድ የገንዘብ ስምምነት ከጣሊያን ጋር ተደርጎ ነበር። በዚህ ስምምነት መሠረት ኢትዮጵያ አራት ሚሊዮን ሊሬ ትበደራለች፤ መያዣውም የሐረር የጉምሩክ ገቢ ነው። የኢትዮጵያ ገንዘብም በጣሊያን አገር እንዲመታ በዚያው ውል ተጠቅሶ ነበር። ስለ ውጫሌ ውል ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ትርጉም ነው። ይሁን እንጂ የብድሩንም ጉዳይ ያስተዋለ ሰው የውሉን ሙሉ ክብደት ያውቃል። አንቀጹ የአገሪቱን የውጭ ጉዳይ ንግግር ሲይዝ፣ ብድሩ ዋናውን የገቢ በር፣ የገንዘቡ ጉዳይ ደግሞ የገበያዋን መለኪያ ይዞ ነበርና።

ንጉሠ ነገሥቱ የውሉን ስሕተት ካወቁ በኋላ ለመቃወም አልቸኮሉም። አስቀድመው ዕዳቸውን ማቃለል ጀመሩ። በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሰረዛቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ፤ የተበደሩትንም ገንዘብ መልሰው ከፈሉ። በዚያው በ1885 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ገንዘብ በስማቸው እንዲመታ አዘዙ፤ ሥራውም የተሰጠው ለፓሪስ ገንዘብ ማምረቻ ነው። ውል መሰረዙ፣ ዕዳ መክፈሉና ገንዘብ ማስመታቱ በአንድ ዘመን የተፈጸሙ የአንድ አሳብ ክፍሎች እንደ ነበሩ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በዓድዋ የሆነው ነገር ለዓለም የታወቀ ነው፤ የዓድዋ ዝግጅት ግን በመዝገብ ላይ ቀደም ብሎ መጀመሩን ልብ ልንለው ይገባል።

አዲሱ ብር በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ በሌላው ወገን ዘውድ የጫነና መስቀል ያለበት በትር የያዘ አንበሳ ነበረበት። ከብሩም በታች አላድ፣ ሩብና ሌሎችም ትንንሽ ገንዘቦች ተመቱ። የብር ይዘቱና ክብደቱ ከማርትሬዛ ጋር የተስተካከለ፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ጥሩ ሥራ ነበር። ይሁንና ሕዝቡ አልተቀበለውም። ነጋዴው የሚያምነው በ1780 የተጻፈበትን የኦስትሪያዊቷን ንግሥት ብር ብቻ ነበር፤ እርሱንም ቢሆን በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች ተቆጥረው ካልሞሉ ይመልሰዋል። የምኒልክ ብር ከዋና ከተማውና ከንግድ መንገዱ እምብዛም አልራቀም። ድል ያደረገው ንጉሠ ነገሥት በገበያ ላይ ማርትሬዛን ማሸነፍ አልቻለም ማለት ነው።

ምክንያቱ ምን ነበር? ብሩ ጎደሎ ስለ ነበር አይደለም። እምነት በአዋጅ የሚመጣ ባለመሆኑ ነው። ሕዝቡ ማርትሬዛን ከመቶ ዓመት በላይ በእጁ መዝኖ፣ በጥርሱ ነክሶ፣ ቀብሮ አውጥቶ ፈትኖታል። አዲሱ ገንዘብ ገና አልተፈተነም። እኛም በሙያችን የምናውቀው ነገር ነው፤ አዲስ የግንባታ ዕቃ በላቦራቶሪ የቱን ያህል ቢመሰገን ግንበኛው በእጁ ካልለመደው ከአሮጌው አይላቀቅም።

የብር ክብደት

በዚህ ላይ የጭነቱን ችግር እንጨምርበት። አንድ መቶ ሺሕ ብር ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ለማዛወር ሃያ ስምንት ኩንታል ብረት ማጓጓዝ ማለት ነበር። አንድ የጭነት በቅሎ ሰባ አምስት ኪሎ ግራም ትሸከማለች ብለን ብናስብ ሠላሳ ስምንት በቅሎ ያስፈልጋል። ይህንንም የሚጠብቅ ዘበኛ፣ ስንቅና ነጂ ይጨመርበታል። መንገዱም የሳምንታት ነው። ከዚህም በቀር የብረቱ ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍና ዝቅ ሲል የነጋዴው ትርፍ በመንገድ ላይ ይቀልጣል። የአገሪቱ ንግድ የሚያድገው ይህን ጭነት በወረቀት የሚተካ ድርጅት ሲገኝ ብቻ ነበር።

ከዓድዋ በኋላ ጉዳዩ ይበልጥ አስቸኳይ ሆነ። የውጭ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን በአዲስ አበባ አስቀመጡ። በ1886 ዓ.ም. ፈቃድ የተሰጠው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የሚውለው ገበያ ከየአገሩ በሚመጣ ሰውና ዕቃ ተጨናነቀ፤ የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቆቻቸውን በዙሪያው ከፈቱ። የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም በጣሊያናዊው በሰባስቲያኖ ካስታኛ ንድፍ በድንጋይ መሠራት የጀመረው በእነዚህ ዓመታት ነው።

የሐበሻ ባንክ

መጋቢት 1 ቀን 1897 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱና የግብፅ ብሔራዊ ባንክ እንደራሴ በነበሩት በማክጊልቭሬይ መካከል ውል ተፈረመ። በውሉ መሠረት የሐበሻ ባንክ የተባለ ድርጅት ይቋቋማል። ዋና ገንዘቡ 500,000 የእንግሊዝ ፓውንድ ሲሆን እያንዳንዳቸው አምስት ፓውንድ በሚያወጡ 100,000 አክሲዮኖች ይከፈላል። ፈቃዱ የሚጸናው ለሃምሳ ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሌላ ባንክ እንዲቋቋም አይፈቀድም። ገንዘብ የማስመታትና የባንክ ኖት የማውጣት መብት የዚሁ ባንክ ብቻ ይሆናል። የመንግሥት ገንዘብ በባንኩ ይቀመጣል፤ ለሕንፃውና ለመጋዘኑ የሚያስፈልገው መሬትም ያለ ዋጋ ይሰጠዋል። መንግሥት በበኩሉ ከተጣራው ትርፍ ከመቶ ሃያ እጅ ያገኛል። አስተዳደሩ ግን በግብፅ ብሔራዊ ባንክ እጅ ነው፤ ያ ባንክ ደግሞ በእንግሊዝ ባለገንዘቦች ሥር እንደ ነበር የታወቀ ነው።

ባንኩ በየካቲት ወር 1898 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ተመረቀ፤ አዲሱ ሕንፃው ደግሞ በ1902 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በሐረር፣ በድሬዳዋ፣ በጎሬና በደምቢዶሎ ቅርንጫፎች፣ በጋምቤላ ወኪል፣ በጂቡቲም የማስተላለፊያ ቢሮ ተከፈቱ። የቅርንጫፎቹን አቀማመጥ በካርታ ላይ የሚያይ ሰው ነገሩን በቶሎ ይረዳዋል፤ ከምዕራቡ የቡና አገር እስከ ምሥራቁ የባቡር መስመር ያለውን የንግድ መንገድ ተከትለው የተተከሉ ናቸው።

ሕዝቡ ግን እንደ ብሩ ሁሉ ባንኩንም በጥርጣሬ አየው። ደንበኞቹ በአብዛኛው የውጭ አገር ነጋዴዎችና ሌጋሲዮኖች ነበሩ። መኳንንቱ በየቤታቸው ግምጃ ማኖርን አልተዉም፤ ባላገሩም እንስራውን ከመሬት አላወጣም። ገንዘብን ለማያውቁት የባዕድ ጸሐፊ አስረክቦ በምትኩ ወረቀት መቀበል እብደት መስሎ ይታይ ነበር። ይህ ጸሐፊ ለዚህ የሩቅ ምስክር አያስፈልገውም። አያቴ ከእናቷ የወረሰቻቸውን ጥቂት ጠገራ ብሮች በሣጥኗ ሥር ጠቅልላ አኑራ ነበር፤ ወደ ባንክ እንድትወስዳቸው በተነገራት ቁጥር ትስቅ ነበር። የዕቁቧን ገንዘብ ግን ለዳኛው ሳታወላዳ ትከፍላለች፤ ዳኛውን ታውቀዋለችና።

ቤተ መንግሥቱም ራሱ በባንኩ አሠራር ሙሉ በሙሉ የረካ አልነበረም። ባንኩ ከተከፈተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እርሻንና ንግድን በብድር የሚረዳ ብሔራዊ ማኅበር እንዲቋቋም ተደረገ፤ እቴጌ ጣይቱም በዚህ ነገር ብርቱ ፍላጎት ነበራቸው። እቴጌይቱ በገንዘብ ጉዳይ የባዕድን እጅ በጥርጣሬ የሚያዩ፣ በአራዳ ሆቴል አሠርተው ሥራ ያስጀመሩ፣ የንግድን ነገር የሚያውቁ ሴት ነበሩ። የሐበሻ ባንክ የብቻ መብት እያለ ሌላ የገንዘብ ድርጅት መታሰቡ የውሉ ቀንበር ገና በማለዳው መክበዱን ያመለክታል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ዐፄ ምኒልክ በእነዚህ ዓመታት የሠሩትን ሥራ ስንመለከት ጊዜ እንደሚያጥራቸው ያወቁ ይመስላል። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ የገንዘብ ሚኒስቴርም ከእነዚያ አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የቦታን ባለቤትነት የሚያጸና ደንብ ወጣ። መሬት በወረቀት የሚታወቅ፣ የሚሸጥና የሚወረስ ንብረት መሆን የጀመረው ከዚህ ወዲህ ነው፤ በባንክ ቋንቋም መያዣ ሊሆን የሚችል ሀብት ተፈጠረ ማለት ነው። በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። እኔ እንደሚመስለኝ ከባንኩ ሁሉ የበለጠው ተቀማጭ ይህ ነበር፤ ፍሬውን ያዩት ግን ሌሎች ናቸው።

ባንኩ በተመረቀበት በ1898 ዓ.ም. ሁለት ከባድ ነገር ደረሰባቸው። በመጋቢት ወር የቅርብ ረዳታቸው ራስ መኰንን ሞቱ፤ በዚያው ዓመትም ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ተመቱ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በኢትዮጵያ ውስጥ ያላቸውን ጥቅም የሚከፋፈሉበትን የሦስትዮሽ ውል ተፈራረሙ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ሕመሙ በርትቶ ንጉሠ ነገሥቱን ከሥራ አራቃቸው። አራት ዓመት ያህል በአልጋ ላይ ከቆዩ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸው ለጊዜው ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆየ።

የመጀመሪያው የባንክ ኖት የወጣው ከእርሳቸው ሞት በኋላ፣ በ1907 ዓ.ም. ነው። የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ያስጀመሯቸውን ሁለቱን ታላላቅ ሥራዎች ተፈጽመው አላዩም።

በጥቅምት ወር 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ፣ የዐፄ ምኒልክ ሐውልት በጊዮርጊስ አደባባይ ተመረቀ። በዚያው በ1923 ዓ.ም. ማለቂያ የሐበሻ ባንክ እንዲፈርስ ተደርጎ የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ለቀድሞዎቹ ባለአክሲዮኖች 235,000 ፓውንድ ካሣ ተከፈለ፤ አዲሱ ባንክም በ750,000 ፓውንድ ዋና ገንዘብ ተቋቋመ። ሐውልቱ የቆመበትና የፈረሙት ውል የተገዛበት ዓመት አንድ መሆኑ የሚያስገርም ነው። ውሉ በተፈጥሮው ዕድሜ ቢቀር ኖሮ እስከ 1947 ዓ.ም. ሊጸና ይችል ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ባንኩ ተዘጋ፤ ሐውልቱም ከቦታው ተነሣ። ከነጻነት በኋላ ሁለቱም ተመለሱ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በሚያዝያ 1935 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

ውሉን ስንመረምረው

እንግዲህ ምኒልክ ተሳሳቱ እንበል? ለሃምሳ ዓመት የብቻ መብት መስጠት ከባድ ዋጋ እንደ ነበር አይካድም። ነገር ግን ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን በዚያን ጊዜ የነበረውን አማራጭ ማየት አለብን። በአገሩ ውስጥ የባንክ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የአክሲዮን ገንዘብ የሚያዋጣ ነጋዴ ገና አልተፈጠረም። ባንኩ ለጣሊያን ወይም ለባቡሩ ባለቤቶች ለፈረንሳዮች ቢሰጥ ኖሮ፣ አንዱ በውጫሌ ያደረገው የታወቀ ነው፤ ሌላው የሐዲዱን መብት አስቀድሞ ይዟል። ሁሉን ለአንድ መንግሥት ሰዎች አሳልፎ አለመስጠት የንጉሠ ነገሥቱ የቆየ ዘዴ ነበር፤ ገንዘቡን በፓሪስ አስመቱ፤ ባንኩን ከካይሮ አመጡ፤ መሐንዲሳቸውን ከስዊስ አደረጉ። ይህም በራሱ ሀብትን ከፋፍሎ የመጠበቅ ጥበብ ነው።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። ድርጅቱ መጣ፤ ዕውቀቱ ግን ለአገሬው ሰው ሳይተላለፍ ብዙ ዘመን አለፈ። የሐበሻ ባንክ ሹሞች የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ከነጻነት በኋላ የተቋቋመው የመንግሥት ባንክ የመጀመሪያ ገዥም አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ነበሩ። በ1956 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ከንግድ ባንክ ተለይቶ ሲቋቋም በገዥነት የተቀመጡት አቶ ምናሴ ለማ ናቸው። አገሪቱ ባንክ ከከፈተች ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

ይህ ጸሐፊ በአንድ የግንባታ ሥራ ላይ በተሰማራበት ጊዜ በውጭ ብድር የመጣ አንድ ታላቅ መሣሪያ ሲበላሽ አይቷል። መሣሪያው አዲስ ነበር፤ የሚጠግነው ባለሙያ ግን በውል ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ ሆነ። መሣሪያው በዝናብና በፀሐይ ስምንት ወር ቆመ፤ የብድሩ ወለድ ግን አንድ ቀን እንኳ አልቆመም። ውሉን ያነበብን መሐንዲሶች ዋጋውን፣ ኃይሉንና የማስረከቢያውን ቀን አጥብቀን መርምረን ነበር። ማን ይማር፣ በስንት ጊዜ ይማር የሚለውን አንቀጽ ግን አልጠየቅንም። ስለ ዐፄ ምኒልክ ውል ሳነብ ያ የቆመ መሣሪያ ትዝ ይለኛል፤ ስለዚህም በእርሳቸው ላይ ለመፍረድ አፌን አልከፍትም።

ነገሩ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሆነው የቆዩት የባንክ ሥራዎች በ1986 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች ተከፈቱ፤ የጥንቱን የሐበሻ ባንክ ስም የያዘው አቢሲንያ ባንክም በ1988 ዓ.ም. ተቋቋመ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ባንኮች በአገራችን እንዲሠሩ የሚፈቅድ ሕግ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ፤ በተከታዩም ወር የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ መጀመሩ ተበሰረ። የምንሠራቸው ግድቦች፣ መንገዶችና ሕንፃዎች ገንዘብ ከእንግዲህ በእነዚህ በሮች ጭምር ይመጣል። በውል ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡትም ከእኛ መካከል ብዙዎች ናቸው። የውጭ ገንዘብ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ክርክር ለእኛ ሙያ ዋናው ጥያቄ አይደለም፤ ምኒልክም በዚህ ላይ አልተከራከሩም። ዋናው ጥያቄ ለስንት ዘመን፣ በምን ድርሻ፣ ዕውቀቱስ በማን እጅ ይቀራል የሚለው ነው።

አራዳም እየተለወጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከጊዮርጊስ አቅራቢያ ተመርቋል። እኛ ተማሪዎች ሆነን ከመዘገብናቸው የቤት ማእዘኖች ብዙዎቹ ዛሬ በመሬት ላይ አይገኙም። መነሻ ያደረግነው ነጥብ ግን በቦታው አለ። ወደፊት በዚያ አደባባይ ልምምድ የሚያደርጉ ተማሪዎች ርቀቱን ከለኩ በኋላ፣ በፈረሱ ላይ ያሉት ሰው ዕዳ ከፍለው ከውል እንደ ወጡና ሌላ ውል ፈርመው ዕዳውን ለልጆቻቸው እንደ ተዉ መምህራኖቻቸው ቢነግሯቸው መልካም ነው እላለሁ። ሁለቱንም አብሮ የሚያስብ መሐንዲስ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት አንቀጹን ሁለት ጊዜ ያነባል።